ዘጠኝ ጊዜ ወድቃ አሥር ጊዜ የተነሳችው፦ የጃፓኗ ነጋዴ ሂሮኦካ አሳኮ



በዚህ ዕትም የማቀርብላችሁ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ የሆናትን የአንዲት ጃፓናዊት ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ስሟ ሂሮኦካ አሳኮ ይባላል። ባንክ አቋቁማለች፣ የድንጋይ ከሰል ማዕድን አስቆፍራለች፣ እስከ ዛሬ የሚሠራ የሕይወት መድን ድርጅት መሥርታለች፣ በአገሯ የመጀመሪያ ከሆኑት የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አንዱ እንዲከፈት ደክማለች። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ታሪኳን ስሰማ መጀመሪያ ልቤን የነካው ባንኩም ማዕድኑም አልነበረም። ሒሳብን ማንም ሳያስተምራት፣ ሌሊት ሌሊት፣ ብቻዋን መማሯ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አሳኮ የተወለደችው በ1849 በጥንታዊቷ የኪዮቶ ከተማ ነው። አባቷ ሚትሱይ ከሚባለው ስመ ጥር የነጋዴ ዘር ከሚቆጠሩት ቤተሰቦች የአንዱ አለቃ ነበር። የሚትሱይ ዘር በጨርቃ ጨርቅ ንግድና በገንዘብ ምንዛሪ የከበረ ነው። ልጅቷ ታዲያ ምንም አልጎደለባትም ማለት ይቻላል። የጎደላት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መጽሐፍ ነው።

በዚያ ዘመን የባለጸጋ ነጋዴ ሴት ልጅ የምትማረው ታውቆ የተቆረጠ ነበር። ልብስ ስፌት፣ የሻይ አቀራረብ ሥርዓት፣ አበባ መደርደርና ኮቶ የሚባለውን ባለ ብዙ ክር የሙዚቃ መሣሪያ መምታት ነው። ወንዶቹ ልጆች ግን የቻይና ሊቃውንትን መጻሕፍት ጮክ ብለው ያነባሉ። አሳኮ ድምፃቸውን እየሰማች ልቧ ወደዚያ ይሳብ ነበር። ትግል ትወዳለች፣ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ታነባለች። ቤተሰቡ ይህን አይቶ ፈራ። 13 ዓመት ሲሆናት መጽሐፍ ማንበብ ፈጽሞ ተከለከለች። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ ያወቀች ሴት ለባሏ ቤት አትመችም ተብሎ ይታመናል። እኛም አገር ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ሲባል ያደግን ነንና ይህ ለአንባብያን እንግዳ አይሆንም።

ባል የተመረጠላት ገና በሁለት ዓመቷ ነው። በኦሳካ ከተማ ካጂማያ የሚባል ትልቅ የንግድ ቤት ነበር፤ የታጨችውም ለዚያ ቤት ልጅ ለሺንጎሮ ነው። በ1865፣ በአገሯ አቆጣጠር 17 ዓመት ሲሆናት፣ ከኪዮቶ ወደ ኦሳካ ተዳረች።

ካጂማያ ምን ዓይነት ቤት እንደነበር ካልተረዳን የአሳኮን ሥራ መረዳት አንችልም። በዚያን ጊዜ ጃፓን በብዙ መሳፍንት ተከፋፍላ ትተዳደር ነበር። መሳፍንቱ ከገበሬው ግብር የሚሰበስቡት በሩዝ ነው። ሩዙ ወደ ኦሳካ ይጫናል፣ እዚያ ይሸጣል፣ ወደ ገንዘብም ይለወጣል። መከሩ ሳይደርስ ገንዘብ የቸገረው መስፍን የሚመጣውን ሩዝ መያዣ አድርጎ ከኦሳካ ነጋዴዎች ይበደራል። ካጂማያ ከ200 ዓመት በላይ በዚህ ሥራ የኖረ፣ ከታላላቆቹ አበዳሪዎች አንዱ ነበር። በሒሳብ ቋንቋ ብናገር፣ የቤቱ ሀብት አብዛኛው በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም፤ ከመሳፍንት የሚሰበሰብ ብድር ነበር።

አዲሲቱ ሙሽራ ባሏን ስታይ ደግ ሰው ነው። ክፉ አይናገራትም፣ አይቆጣጠራትም። ነገር ግን ሐሳቡ ሁሉ በሻይ ሥርዓትና በዜማ ላይ ነው። የንግዱን ሥራ ለዋና ጸሐፊዎች ትቶታል። በኦሳካ ትላልቅ ቤቶች ይህ የተለመደ ነበርና ማንም አልተገረመም። የተገረመችው አሳኮ ብቻ ናት። ባለቤቱ መዝገቡን የማያይ ቤት እስከ መቼ ይቆማል ብላ ጠየቀች። ከዚያም ሌሊት ሌሊት የሒሳብ መዝገብ አያያዝን፣ የቁጥር ስሌትንና የንግድ ነክ መጻሕፍትን ብቻዋን ታጠና ጀመር። በልጅነቷ የተከለከለችውን ንባብ በባሏ ቤት አገኘችው። ባሏም አልከለከላትም። ይህን ለሺንጎሮ ልንመሰክርለት ይገባል፤ በዚያ ዘመን ሚስቱን ያልከለከለ ባል ብዙ ረድቷል።

የፈራችው ነገር ሦስት ዓመት ሳይሞላ ደረሰ። በ1868 የቶኩጋዋ ሾጉኖች አገዛዝ ወድቆ በንጉሠ ነገሥቱ በሜጂ ስም አዲስ መንግሥት ተተከለ። ይህቺን ወጣት ሴት ተከታትለው ሦስት መዓት ገጠሟት።

አንደኛው የገንዘብ ለውጥ ነው። በኦሳካ የንግድ ሒሳብ የሚታሰበው በብር ሚዛን ነበር። አዲሱ መንግሥት በዚያው ዓመት ይህን መቁጠሪያ ሻረው። የነጋዴ ቤቶችን የብር ደረሰኝ የያዘ ሁሉ ወረቀቱ ዋጋ ሊያጣብኝ ነው ብሎ ደነገጠ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ገንዘቤን ስጡኝ እያለ በሩን አጨናነቀ። ሁለተኛው፣ አዲሱ መንግሥት ለጦርነቱ ወጪ ከኦሳካ ነጋዴዎች ከፍተኛ ገንዘብ መጠየቁ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነበር። የመሳፍንቱ ግዛቶች በ1871 ፈረሱ። ተበዳሪው ከሌለ ብድሩን ማን ይከፍላል?

መንግሥት ዕዳውን ተረከብኩ አለ፤ አከፋፈሉን ግን እስቲ እዩት። ከ1844 በፊት የተበደሩት ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። ከ1844 እስከ 1867 የተበደሩት ያለ ወለድ በ50 ዓመት ይከፈላል ተባለ። ይህ ለአበዳሪ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ምሳሌ ላስረዳ። 100 ብር አበድራችኋል እንበል። ተበዳሪው በየዓመቱ 2 ብር እየከፈለ በ50 ዓመት ይጨርሳል። ወለድ በዓመት 10 ከመቶ በሆነበት ገበያ ውስጥ ይህ የክፍያ ተስፋ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው 20 ብር ገደማ ነው። በመዝገብ ላይ 100 ተብሎ የተጻፈው ሀብት አራት አምስተኛው ተንኗል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ የኦሳካ አንጋፋ ቤቶች ተዘጉ። ከአሳኮ ጋር በአንድ ወቅት ወደ ኦሳካ የተዳረችው እኅቷ የገባችበት ቴንኖጂያ የሚባል ትልቅ ቤትም ከወደቁት አንዱ ነበር፤ እኅቷም በወጣትነቷ ሞተች።

አሳኮ ግን አልተቀመጠችም። ዘመዶችና ጸሐፊዎች ግራ ሲጋቡ፣ መዝገቡን የምታውቀው እሷ ስለነበረች ወደ ፊት ወጣች። ለቤቱ ገንዘብ የሚፈልጉት ዘንድ እየሄደች ቀን እንዲራዘም ትለምናለች፣ ትከራከራለች። በአንድ የመስፍን ቤት ሴት ናት ብለው ንቀው፣ ተስፋ ቆርጣ እንድትመለስ ጠባያቸው ሸካራ ከሆነ ወንዶች ማደሪያ እንዳስገቧት፣ እሷ ግን ንቅንቅ ሳትል አድራ ጉዳይዋን እንደጨረሰች ይተረካል። ካጂማያ ቆሰለ፣ አልሞተም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ቤቱ ከእንግዲህ በምን ይተዳደር የሚል ሆነ። ለመሳፍንት ማበደር አብቅቷል። አሳኮ ዙሪያዋን አየች። የእንፋሎት መርከብ፣ ባቡርና ፋብሪካ እየመጣ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚበሉት የድንጋይ ከሰል ነው። በ1886 በደቡቡ የኪዩሹ ደሴት፣ ቺኩሆ በሚባለው የከሰል አገር ጁንኖ የተባለው ማዕድን ተገዛ። ዘመዶቿ ያበደች መሰላቸው። ከሰል የጨዋ ቤት ሥራ አይደለም ይባል ነበር፤ ያውም ለሴት።

ማዕድኑም መጀመሪያ ላይ የዘመዶቿን ስጋት እውነት አደረገው። የከሰሉ ንጣፍ በመሬት መሰንጠቅ የተቆራረጠ ስለነበር ወጪው በዛ፣ ምርቱ አነሰ፣ ሥራውም ቆመ። በእኛ ሙያ ይህን ጊዜ ኪሳራውን መዝግበህ መዝገቡን ዝጋ ይባላል። እሷ በ1895 እንደገና አስከፈተችው። የራቀ ሥራን በደብዳቤ መምራት አይሆንም ብላ ራሷ ወደ ማዕድኑ ሄደች። የ40ዎቹን ዕድሜ አጋምሳ ከነበረች በኋላ፣ በሐር ያደገችው ሴት ከሠራተኞቹ ጋር ሰነበተች። ለደኅንነቷ በጉያዋ ሽጉጥ ትይዝ እንደነበር ይነገራል። በ1897 ምርቱ በብዛት መውጣት ጀመረ። በ1899 ያዋታ የሚባለውን የአገሪቱን ትልቅ የብረት ፋብሪካ ያቋቁም የነበረው መንግሥት ማዕድኑን ገዛው። ከተገዛ ጀምሮ እስከ ተሸጠበት ድረስ 13 ዓመት ነው። ትርፉ የመጣው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው።

በመካከሉ ሌላውም ሥራ አልቆመም። በ1888 የካጂማ ባንክ ተከፈተ። በ1889 በተቋቋመው የአማጋሳኪ የፈትል ፋብሪካም የካጂማያ ቤት ተሳታፊ ሆነ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ባሏ ሺንጎሮ ነበር። በ1902 ደግሞ ሦስት የሕይወት መድን ድርጅቶች ተዋሕደው ዳይዶ የሚባል አንድ ድርጅት ተመሠረተ። መድን ለእኛ ሴቶች የሚገባን ሥራ ነው። እድር ምን እንደሆነ ለምታውቅ ሴት የሕይወት መድንን ማስረዳት አያስቸግርም፤ ብዙ ሰው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያዋጣል፣ ሞት የገባበት ቤት ይደገፋል። አሳኮ የታያት፣ ትንንሾቹ ድርጅቶች እርስ በርስ እየተሻሙ ከሚያልቁ በጥቃቅን ልዩነታቸው ላይ ተቻችለው ቢዋሐዱ አዋጪው ይበዛል፣ ቃላቸውም ይታመናል የሚለው ነው። የድርጅቱ ስምም በጃፓንኛ ይህንኑ ታላቅ አንድነት ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የባንኩም የመድን ድርጅቱም ፕሬዚዳንት ተብሎ በወረቀት የተቀመጠው ወንድ ነው፤ የባሏ ወንድም። የፋብሪካው ደግሞ ባሏ ነው። ሥራውን የምታንቀሳቅሰው እሷ መሆኗን አገር ያውቃል፣ ማኅተሙ ግን በወንዶች እጅ ነው። በ1898 የወጣው የጃፓን የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለትዳር ሴት ብድር ለመውሰድና ቤትና መሬት ለመሸጥ ለመለወጥ የባሏ ፈቃድ ያስፈልጋታል ይል ነበር። ከዚያ በፊት በ1890 የወጣው ሕግም ሴቶች በፖለቲካ ስብሰባ እንዳይገኙ ከልክሏል። ባንክ ያቋቋመች ሴት በሕግ ፊት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር የማትችል ነበረች።

የቤቷም ኑሮ ቀላል አልነበረም። በ1876 አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ካሜኮ ትባላለች። ሌላ ልጅ አልወለደችም። ቤቱ ወንድ ወራሽ ይፈልጋል በሚባልበት ዘመን፣ ከአባቷ ቤት አብራት የመጣችው አገልጋይ ለባሏ ዕቁባት ሆና ልጆች ወለደችለት። ሥርዓቱ የሚፈቅደው ነበር። ይህን የምጽፈው ታሪኳን ለማሳነስ አይደለም። በውጭ ጀግና የምንላቸው ሴቶች በቤታቸው ምን እንደሚሸከሙ ለማስታወስ ነው።

ለሴቶች ትምህርት ያደረገችው አስተዋጽኦ ለእኔ ከባንኩም ከማዕድኑም ይበልጥብኛል። በ1896 ናሩሴ ጂንዞ የሚባል መምህር ወደ እሷ መጣ። በኦሳካ የአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር፤ በአሜሪካም ተምሮ ተመልሷል። ለሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት የመክፈት ሐሳብ ነበረውና ስለ ሴቶች ትምህርት የጻፈውን መጽሐፍ ሰጣት። አሳኮ ብዙ ገንዘብ ጠያቂ የሚመጣባት ሴት ናትና መጽሐፉን ወዲያው አልከፈተችውም። በኋላ ስታነበው ግን ደጋግማ አነበበችው፣ አለቀሰችም። ናሩሴ የሚለው ሴት በቅድሚያ እንደ ሰው፣ ቀጥሎ እንደ ሴት፣ ከዚያም እንደ ዜጋ ትማር ነው። በ13 ዓመቷ መጽሐፍ ከእጇ የተነጠቀባት ልጅ ይህን ስታነብ ምን እንደተሰማት ለመገመት አያስቸግርም።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከመስጠት አልፋ ገንዘብ ለማኝ ሆነች። ናሩሴን ይዛ የባለሥልጣንና የባለሀብት ደጅ ጠናች። እንደ ኢቶ ሂሮቡሚና ኦኩማ ሺገኖቡ ያሉ ታላላቅ ፖለቲከኞች፣ እንደ ሺቡሳዋ ኤኢቺ ያለ ዋና የንግድ ሰው ከደጋፊዎቹ መካከል ነበሩ። የልጅነት ወገኖቿን ሚትሱዮችንም አሳምና በቶኪዮ ሜጂሮ ሰፈር ያለውን መሬት ሰጡ። ማንበብ የከለከላት ዘር የሴቶች ትምህርት ቤት መሬት ሰጪ ሆነ። ሚያዝያ 20 ቀን 1901 የጃፓን የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ከ500 በሚበልጡ ተማሪዎች ተከፈተ። ዛሬም አለ። ይህን አንቀጽ ደጋፊዎቻችን ልዩ ትኩረት ሰጥተው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። አሳኮ የራሷን ከሰጠች በኋላ ነው ሌላውን የጠየቀችው፤ ስትጠይቅም አታፍርም ነበር፤ የምትጠይቀው ለራሷ አይደለምና።

በ1904 ባሏ ሲሞት ሥራውን ለካሜኮ ባል ለኬይዞ አስረክባ ከንግድ ወጣች። ብዙ መሥራቾች ይህን አይችሉበትም። ዙፋኑን ይዘው ያረጃሉ፣ ያቋቋሙትም አብሯቸው ያረጃል። እሷ በ50ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነበረች። በ1909 በጡት ሕመም በጠና ታማ በቀዶ ሕክምና ዳነች። ከዚያ በኋላ ስለ ነፍሷ ታስብ ጀመር። በ1911 በገና በዓል በኦሳካ ተጠምቃ ክርስቲያን ሆነች። የ60 ዓመት አዛውንት እንደ ሕፃን ጀማሪ ሆና ቅዱስ መጽሐፍ ለመማር መቀመጧን አልናቀችውም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከ1914 እስከ 1918 በየክረምቱ በፉጂ ተራራ ግርጌ በጎተምባ ባለው ቤቷ ወጣት ሴቶችን ሰብስባ ታስተምር ነበር። እዚያ ከተገኙት አንዷ ኢቺካዋ ፉሳኤ ናት። ኢቺካዋ በኋላ ለጃፓን ሴቶች የመምረጥ መብት ግንባር ቀደም ታጋይ ሆነች፤ ሴቶቹም በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጡ። ሌላዋ ሙራኦካ ሃናኮ የታወቀች ተርጓሚ ሆነች። አሳኮ ይህን ሁሉ ለማየት አልደረሰችም። ጥር 14 ቀን 1919 በቶኪዮ በ69 ዓመቷ አረፈች። የተለየ ኑዛዜ አልተወችም። በየቀኑ የምትናገረው ሁሉ ኑዛዜዋ እንደሆነ ትናገር ነበር ይባላል።

ሕይወቷን ስናደንቅ ሁለቱንም የመዝገቡን ገጽ ማየት አለብን። በቺኩሆ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ባሎቻቸው የቆፈሩትን ከሰል በጨለማ እየጎተቱ የሚያወጡ ሴቶች ነበሩ። የጃፓን የፈትል ፋብሪካዎችም ቀንና ሌሊት በፈረቃ የሚሠሩት በአብዛኛው በገበሬ ልጃገረዶች ጉልበት ነው። ሠራተኞችን ለመጠበቅ የወጣው የፋብሪካ ሕግ የጸደቀው በ1911፣ ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ1916 ነው። በጎተምባ የተሰበሰቡት የተማሩ ሴቶች ነበሩ፤ ከሰል የምትጎትተዋ ሴት እዚያ አልደረሰችም። ይህን ብዬ አሳኮን ልወቅሳት አልፈልግም። ነገር ግን አንዲት ሴት በር ስትከፍት ሁሉም እንዳልገባ ማወቅ ለእንደኛ ዓይነት ማኅበር ይጠቅማል። በራችን ላይ ቆማ ያልገባችው ማን ናት ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

ደግሞም ያቋቋመችው ሁሉ አልቆየም። የካጂማ ባንክ በ1927 በጃፓን በተነሳው የባንክ ቀውስ ተመትቶ ጠፋ። የመድን ድርጅቱና ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም አሉ። በጃፓን ሰባት ጊዜ ወድቆ ስምንት ጊዜ መነሳት የሚል የታወቀ አባባል አለ። አሳኮ በጽሑፎቿ ላይ የምትጠቀምበት የብዕር ስም ዘጠኝ ወድቆ አሥር የሚነሳ የሚል ነበር። በአባባሉ ላይ ሁለት መጨመሯን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። የሒሳብ ሰው ናትና ቁጥሩን ከራሷ መዝገብ አይታ ያረመችው ይመስለኛል።

እህቶቼ፣ በሥራዬ የማያቸው ብዙ ሴቶች ያላነበቡት ወረቀት ላይ ይፈርማሉ። ለባል ዋስ ይሆናሉ፣ ለወንድም ዋስ ይሆናሉ፤ ዕዳው ሲመጣ ነው መጠኑን የሚሰሙት። አሳኮ ቤቷን ያዳነችው በሀብቷ አይደለም፤ ሀብቱማ ወረቀት ሆኖ ቀርቷል። ያዳነችው መከራው ሳይመጣ ሦስት ዓመት ቀድማ መዝገቡን ማንበብ በመማሯ ነው። የእኛም ማኅበር የገቢና ወጪ መዝገብ በየወሩ ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የሒሳብ ሹሟ ጉዳይ ነው ብላችሁ አትለፉት። ገልጣችሁ እዩት፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ ከስብሰባው በኋላ ለማስረዳት ዘወትር ዝግጁ ነኝ። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ በተለይ ሴቶቹን።